በእርጅና ዘመን ተረኛ መሆን

«እስከ ዛሬ የለፋችሁት ይበቃል፤ ከእንግዲህ አርፋችሁ ተቀመጡ።» ለወላጆቹ የሚያስብ ልጅ በባሕር ዳርም፣ በዘጌም፣ በደብረ ታቦርም የሚናገረው ይህንኑ ነው። ንግግሩ ከፍቅር የመጣ ነው። እናት ከማጀት ትወጣለች፤ አባት ከሥራ ይመለሳል፤ ቁርሱ ይቀርባል፤ መድኃኒቱ ይገዛል፤ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል። ክቡራትና ክቡራን፣ ዛሬ ላስረዳ የምሞክረው ይህ ፍቅር ሳያውቀው ከአረጋዊው ላይ የሚወስደው ነገር እንዳለ ነው። ሰው ሲያረጅ ከምግቡና ከሕክምናው ቀጥሎ የሚያስፈልገው አብሮት የሚቀመጥ ሰው ብቻ አይደለም። እሱ ካልመጣ የሚጎድል፣ እሱ ካልያዘው የሚቀር ነገር ያስፈልገዋል። ስለ ወዳጅነት ሲወራ ለብቻው ይወራል፤ ስለ መኖር ዓላማም እንደዚሁ። በጣና ዳር የኖረውን ሥርዓት ልብ ብሎ ላየ ግን ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም፤ አንዱን ከሌላው ጋር ያቆራኛቸው ግዴታ ነው። ሌሎች የሚጠብቁበት፣ ተራው የደረሰው፣ ቢቀር የሚጠየቅ አረጋዊ ወዳጅም ዓላማም አለው።

ሁላችሁም የምታውቁትን የጽዋ ማኅበር እንመልከት። ማኅበርተኛው በወር በወሩ ይሰበሰባል፤ ሚካኤልን ከሆነ የሚዘክሩት በ12፣ ኪዳነ ምሕረትን ከሆነ በ16፣ ማርያምን ከሆነ በ21። ተረኛዋ የሰባ አምስት ዓመት እናት ናቸው እንበል። ቀኑ ሳይደርስ ጌሾው ይወቀጣል፣ ብቅሉ ይዘጋጃል፣ ጠላው ይጠነሰሳል፤ በዋዜማው ድፎው ይደፋል። ጉልበት ቢያንሳቸው የጎረቤት ልጆችን ይጠራሉ፤ የሚያዝዙት፣ የሚቀምሱት፣ «ገና አልደረሰም» የሚሉት ግን እሳቸው ናቸው። ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ካህኑ ጸሎት ያደርሳል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ሙሴው ሥርዓቱን ይመራል። በመጨረሻ ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጥና ወሩን በዚያ ሰው ቤት ያሳልፋል። ተጣልተው የሰነበቱ ማኅበርተኞች ካሉ ሳይታረቁ ከአንድ ጽዋ አይጠጡምና አስታራቂ ይፈለጋል። የቀረ ሰው ካለ «ምን ሆነው ቀሩ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ታሞ ከሆነ ይሄዱለታል። እዚህ ውስጥ «አረጋውያንን ማጫወት» የሚባል ፕሮግራም የለም። ሴትዮዋ የተጠሩት ስለሚታዘንላቸው ሳይሆን የማኅበሩ ተራ ስለደረሳቸው ነው። ቀን ይቆጥራሉ፣ እህል ይሸምታሉ፣ ሰው ያስታርቃሉ፣ ካህን ይጠራሉ፤ የሚቀጥለው ወር ደግሞ ያለ እሳቸው የማይሞላ ጉባኤ ይጠብቃቸዋል። ሰንበቴው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ ጀመዓው በመስጊድ፣ እድሩ በሰፈር የሚሠሩት በየራሳቸው መንገድ ይህንኑ ነው። ባሏን ቀብራ ልጆቿን ድራ ቆብ የምትጭን ሴትም ከዓለም ወጣች ይባል እንጂ በእርጅናዋ የምታገኘው ከወጣትነቷ የጠበቀ ሰዓት ነው፤ ኪዳን አላት፣ ቅዳሴ አላት፣ የምትጠርገው ቅጽር አላት።

የውጭ ተመራማሪዎች በብዙ ድካም የደረሱበት ነገር ከዚህ ጋር ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካዊቷ ጁሊያን ሆልት ለንስታድ ከባልደረቦቻቸው ጋር 148 ጥናቶችን፣ በድምሩም ከ308 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን መረጃ አንድ ላይ መረመሩ። በአማካይ ሰባት ዓመት ተኩል በፈጀው ክትትል፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ግንኙነታቸው ከላላው በ50 በመቶ በልጦ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት ያቋቋመው የማኅበራዊ ግንኙነት ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት ሰው አንዱ በብቸኝነት እንደሚጠቃ፣ ብቸኝነት በዓመት ከ871 ሺህ ገደማ ሞት ጋር እንደሚያያዝ ገምቷል። ስለ ዓላማም እንዲሁ የተጠና አለ። በቺካጎ የረሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ፓትሪሺያ ቦይልና ባልደረቦቻቸው ከ900 በላይ አረጋውያንን እስከ ሰባት ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ «የምኖርለት ነገር አለኝ» የሚለው ስሜት የበረታባቸው ሰዎች ከደከመባቸው ይልቅ ከአልዛይመር በሽታ ነጻ ሆነው የመቆየት ዕድላቸው 2.4 እጥፍ ነበር። ፓትሪክ ሂልና ኒኮላስ ቱሪያኖ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት፣ ከ6 ሺህ በላይ ሰዎችን ለ14 ዓመት በተከታተለ ጥናትም ዓላማ ያላቸው ሰዎች በወጣትነትም በእርጅናም፣ ጡረታ ወጥተውም ሳይወጡም፣ የሞት አደጋቸው ዝቅ ብሎ ታይቷል።

ከሁሉ ይበልጥ ልናስተውለው የሚገባን ግን እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው የስቴፋኒ ብራውንና የባልደረቦቻቸው ጥናት ነው። 423 አረጋውያን ባልና ሚስቶችን ለአምስት ዓመት ተከታተሉ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፦ ዕድሜ የሚያስረዝመው እርዳታ ማግኘት ነው ወይስ እርዳታ መስጠት? ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለጓደኛ የሚላላኩት፣ ለትዳር ጓደኛቸው የሚሆኑት አረጋውያን የሞት አደጋቸው ቀንሶ ተገኘ። መስጠቱ በሂሳቡ ውስጥ ከገባ በኋላ መቀበል ብቻውን ዕድሜ አላስረዘመም። ይህ እኛ ለአረጋውያን ከምናስበው አሳብ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። እኛ ስንጦር የምናሟላው የመቀበሉን በኩል ነው፤ ጋቢ እንገዛለን፣ ሻይ እናፈላለን፣ ለበዓል እንጠይቃለን። ይህን ማድረግ ተገቢ ነው፤ ማንም ይተወው አልልም። ነገር ግን ጋቢውን ከሰጠን በኋላ «እርስዎስ ለእኛ ምን ያደርጉልናል?» ብለን ብንጠይቅ ነውር ይመስለናል፤ ጥናቱ የሚጠቁመው ደግሞ ጥያቄው ራሱ ከጋቢው ያላነሰ ስጦታ እንደሆነ ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሳል፤ መነሳቱም ደግ ነው። «ጤነኛ ስለሆኑ ነው የሚላላኩት፤ የታመመ ሰው ማንን ሊረዳ ይችላል? ምክንያቱንና ውጤቱን አገላብጣችኋል» የሚል። ተመራማሪዎቹ ይህን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ከመነሻው የነበረውን ጤና፣ ዕድሜ፣ ትምህርትና ገቢ በሂሳቡ አስገብተዋል። ያም ሆኖ ጥርጣሬውን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። የተሻለ ማስረጃ የሚገኘው ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ አንዱን ቡድን ሥራ በመስጠት ነው፤ ይህም በባልቲሞር ከተማ ተሞክሯል። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ 702 ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ፤ ግማሾቹ በሳምንት 15 ሰዓት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የታችኛው ክፍል ልጆችን እንዲያስነብቡ፣ ቤተ መጻሕፍቱን እንዲያግዙ ተመደቡ። በአንጎል ምርመራ የተከታተሏቸው 111 ሰዎች ላይ በተለይ በወንዶቹ ዘንድ ከሁለት ዓመት በኋላ ለውጥ ታየ፤ በዕድሜ ይሟሽሻል ተብሎ የሚጠበቀው የአንጎል ክፍል አልሟሸሸም። ውጤቱ መጠነኛ ነው፣ የተመረመሩትም ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ከዚህ ተነስቶ ሥራ የሰጠነው ሁሉ አይታመምም ማለት ድፍረት ነው። ግን መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ እንደሚሄድ ያሳያል። ጤና ለሥራ ያበቃል፤ ሥራውም ጤናን ይይዛል።

ታዲያ ማኅበርና እድር ያላት ባሕር ዳር ምን ጎደላት? የከተማዋን እድገት ብቻ ማየት ይበቃል። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ባሕር ዳር 96,140 ሰው ነበራት፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ150 ሺህ በልጣለች፤ ከዚያ ወዲህ ያደገችውን ዓይን ያያል። ከከተማዋ አዛውንቶች አንዱ ክፍል ከፋብሪካውና ከትምህርት ቤቱ የወጣ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሳ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ ሶቪየት ኅብረት ያግዘው የነበረው ፖሊቴክኒክም እ.ኤ.አ. በ1963 ሥራ ጀመረ። ፈትል ሲፈትል፣ ማሽን ሲያስነሳ፣ ተማሪ ሲያስተምር የኖረ ሰው በ60 ዓመቱ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ደብዳቤው የሚቆርጠው ደመወዙን ብቻ አይደለም፤ ጠዋት የሚነሳበትን ምክንያት፣ ምሳ አብረውት የሚበሉትን ባልደረቦች፣ «ያንን እሱ ያውቀዋል» መባሉን በአንድ ቀን ይወስድበታል። ሁለተኛው ክፍል ከገጠር የመጣው ነው። ልጅ ቤት ሠርቶ፣ ወይም ኮንዶሚኒየም ደርሶት፣ እናቱን ከይልማና ዴንሳ ወይም ከዳንግላ ያመጣቸዋል። እናትየዋ ሰንበቴያቸውን፣ ማኅበራቸውን፣ አርባ ዓመት ያዋጡበትን እድር እዚያው ትተው ይመጣሉ። አዲሱ ሰፈር ያለው እድር የሚያውቀው ልጃቸውን ነው፤ እሳቸው በቤተሰብ ዝርዝር ውስጥ ያሉ አንድ ስም ናቸው። በራሳቸው ይግቡ ቢባል መግቢያው የብዙ ዓመት መዋጮ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ደግሞ ለማኅበር ወደ አገር ቤት ብቅ ማለትን ከባድ አደረገው። ሦስት ጊዜ የሚበሉ፣ በልጅ ልጅ የተከበቡ፣ ነገር ግን ማንም በምንም የማይጠብቃቸው እናቶች በየፎቁ አሉ።

ሦስተኛውን ክፍል ብዙ ሰው አያነሳውም። በሐይቁ ዳር የሚኖረው፣ ለዘመናት ተገልሎ የቆየው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ታንኳ ሠሪ ነው። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል ታጭዶ በፀሐይ ይደርቃል፤ እየተጠበቀ በገመድ ይታሰራል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ታንኳው ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም፤ ሌላ ይሠራል። ዕቃው ቶሎ የሚያልቅ መሆኑ ለአዋቂው ሽማግሌ ሥራ ሆኖ ኖሯል፤ ወጣቱ በየወቅቱ ይመጣበታል፣ እጁን ያያል፣ አስተሳሰሩን ይጠይቀዋል። አሁን ደንገሉ በእርሻና በግንባታ እየተገፋ ሳሳ፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ደግሞ እምቦጭ አረም የሐይቁን ዳርቻ ያዘ፤ የሞተር ጀልባውም በዛ። የረግረጉን መጥፋት ስንቆጥር ዓሣውንና ወፉን እንቆጥራለን። እዚያ ዳር የተቀመጠ አንድ አዛውንት ከሥራው መባረሩንም መቁጠር ይገባን ነበር፤ እሱ ደግሞ የጡረታ ደብዳቤም አበልም የለውም።

«አበል» ካልን ዘንድ ሁለተኛውን ተቃውሞ እንስማ። «የሚበላው የሌለው ሰው ምን ዓላማ ትሰብከዋለህ? አስቀድመህ ዳቦ ስጠው» ይላል። እውነት ነው፤ እኔም ከዳቦው በፊት ዓላማ ይምጣ አላልሁም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል፤ የቤተሰብ ሕጉም ልጆች ለወላጆቻቸው ቀለብ እንዲሰጡ ያስገድዳል። የጡረታ አዋጆቹ በዋናነት የሚሸፍኑት ግን የመንግሥትንና የግል ድርጅት ተቀጣሪውን ነው፤ ገበሬው፣ ጠላ ሻጯ፣ ዓሣ አስጋሪው ከዚያ ውጭ ናቸው። ይህ ክፍተት መሞላት አለበት፤ ማኅበርና እድር ለአበል ምትክ ሆነው መቅረብ የለባቸውም። መቄዶንያን የመሰሉ የአረጋውያን መጠለያዎች የሚያነሱት ሰውም የተራበና ጎዳና የወደቀ ነውና መጀመሪያ ማጉረስ ግድ ነው። ነገር ግን ድህነት የዓላማን አስፈላጊነት አያስቀርም፤ እንዲያውም ድሃው አረጋዊ አስቀድሞ የሚያጣው ተራውን ነው። መዋጮው ሲያቅተው ከእድሩ ይወጣል፤ ድግሱ ሲያቅተው ጽዋውን «ለሌላ ስጡት» ይላል። ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው የለም። ዳቦውና ተራው አብረው ነው የሚጠፉት፤ መመለስም ያለባቸው አብረው ነው።

ከወዲያኛው በኩል የሚመጣ ተቃውሞም አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነው። ብዙ እናቶች ሥራ አላጡም፤ ሥራ በዝቶባቸዋል። ልጃቸው ዐረብ አገር ሄዳ የተወችላቸውን ሁለት ሕፃናት ያሳድጋሉ፤ ውኃ ይቀዳሉ፣ ጉሊት ይቀመጣሉ። ለእነዚህ ሴቶች «ዓላማ ይኑራችሁ» ማለት በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ነው። ስለዚህ የምለው ግዴታ ምን ዓይነት እንደሆነ መለየት አለብኝ። የጽዋው ተራ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ይደርሳል እንጂ በየቀኑ አይጭንም። ሌሎች ማኅበርተኞችም እኩል ይሸከሙታል። ሲወጡት በሰው ፊት ይመሰገናሉ፤ ሲታመሙ ይተላለፍላቸዋል። የልጅ ልጅ ማሳደጉ ግን ብቻን የሚሸከሙት፣ ተራ የሌለው፣ ማንም «እግዜር ይስጥልን» የማይልበት ከሆነ ሰውን ያደክማል እንጂ አያቆምም። ለእንዲህ ያሉት እናቶች የሚያስፈልገው ሌላ ሥራ ሳይሆን የያዙት ሥራ ተካፋይና ስም እንዲያገኝ ነው።

«ባህላችን ይበቃናል፤ ሽማግሌ በእኛ አገር ይከበራል» የሚሉም አሉ። ሽምግልናን አከብራለሁ፤ ጋብቻ ሲጠየቅ፣ ድንበር ሲጋፋ፣ ደም ሲቃባ የሽማግሌ ቃል ያቆመውን ጥፋት የማያውቅ የለም። ግን ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ ወንበሩ የወንዶች ነው፤ የሰፈሩን ምሥጢርና መከራ ይበልጥ የሚያውቁት እናቶች ከዛፉ ጥላ ርቀው ይቀመጣሉ። ሁለተኛ፣ ሴት ልጅ ስትደፈር ወይም ስትደበደብ ነገሩን «በሽማግሌ ይለቅ» እያሉ ከፍርድ ቤት የሚያወጡ አሉ፤ ይህ ለአረጋዊው የተሰጠ ክብር ዋጋው በተበደለችው የሚከፈል ነው፤ ተቀባይነት የለውም። ለአረጋውያን ሥራ እንስጥ ስንል የቆየውን ሁሉ እንዳለ እንመልስ ማለታችን መሆን የለበትም። እድርም ቢሆን የሚበረታው በሞት ጊዜ ነው። ድንኳን ተካዩ፣ ጥሩምባ ነፊው፣ ወንበር ቆጣሪው በቀብር ቀን ያለ ጥሪ ይደርሳሉ፤ ሟቹ ከመሞታቸው በፊት ሁለት ዓመት በር ዘግተው ሲቀመጡ ግን ደንቡ አንዳች አይልም። እድሮች በኤች አይ ቪ ክፉ ዘመን ከቀብር አልፈው ሕሙማንን ወደ መጠየቅና ወላጅ ያጡ ልጆችን ወደ መርዳት ገብተው እንደነበር ስናስታውስ ደንባቸው ሊሰፋ እንደሚችል እናውቃለን።

የአረጋውያን ሚና ሊሰፋ የሚችልበትን አንድ መንገድ ዚምባብዌ አሳይታለች። የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ከተማ በምባሬ ሰፈር 14 አያቶችን አሠለጠኑ። ሴቶቹ በጤና ጣቢያው ግቢ ከእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ጭንቀት የበዛበት ሰው መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጣል፤ ያዳምጡታል፣ ከችግሮቹ አንዱን መርጦ መፍትሔ እንዲፈልግ ይረዱታል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው፣ በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎች በተካፈሉበት ጥናት፣ በዚህ መንገድ የታገዙት ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክታቸው የተለመደውን እንክብካቤ ካገኙት እጅግ ያነሰ ነበር። ታካሚዎቹ እፎይታ አገኙ፤ ወንበሩ ላይ የምትጠበቅ አያትም በየሳምንቱ የምትነሳበት ምክንያት አገኘች። የባሕር ዳር ጤና ጣቢያዎች ግቢና ጥላ አላቸው፤ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የሚያሠለጥኑ ባለሙያዎች አሏቸው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ስለሚሄዱ የትኛዋ እናት ሰው ማዳመጥ እንደምትችል፣ የትኛዋስ ከቤት እንደማትወጣ ያውቃሉ። ቡና አፍልቶ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ሦስት ሰዓት ሰው የሚያዳምጥ ሕዝብ ማዳመጥን ከመጀመሪያው መማር የለበትም፤ የሚጨመርለት ምሥጢር መጠበቅና ከባዱን ሕመም ለይቶ ወደ ሐኪም መላክ ነው።

እድሮቹ ደግሞ ይህን ሳይጠብቁ ከመተዳደሪያ ደንባቸው ሊጀምሩ ይችላሉ። መክፈል ያቃተው አረጋዊ አባል ከመዋጮ ነጻ ይሁን፤ ከተራ ግን አይሰረዝ። ተራው ድንኳን መሸከም ሳይሆን የታመመ መጠየቅ፣ አዲስ ወደ ሰፈሩ የገባ አዛውንት ካለ ሄዶ ማስተዋወቅ፣ ቤት የዋለውን ማንኳኳት ይሁን። ወደ ልጃቸው ቤት የመጡ እናትና አባት ያለፉት ዓመታት መዋጮ ሳይጠየቁ ይመዝገቡ። ገንዘብ ያዦች «አረጋዊ ብቻ ካስገባን ሣጥኑ ይራቆታል» ብለው ይሰጋሉ፤ ስጋታቸው ቀላል አይደለም፤ ቀብር ወጪ ነው። ለዚህ ወርሃዊውን መዋጮ ልጅየው ስለ ወላጁ ቢከፍል፣ ልጅ የሌለውን ደግሞ እድሩ በተወሰነ ቁጥር ቢሸፍን ሣጥኑ ይችለዋል። መዝገቡ ላይ ግን ስማቸው በልጃቸው ስም ሥር ሳይሆን በራሳቸው መስመር ይጻፍ፤ የጥየቃው ተራ ሲደለደልም ለልጃቸው ሳይሆን ለእሳቸው ይነገር።